ቃሉን ለሌላ አንደበት የሰጠ ሰው፦ ጊታሪስቱ ጋሪ ኬምፕ በፊልምና በመድረክ

የተከበራችሁ የሙዚቃና የቴአትር ወዳጆች፣

የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ እንግሊዛዊ የጥበብ ሰው ነው፤ ጊታር ተጫዋች፣ የዘፈን ደራሲ፣ የፊልምና የመድረክ ተዋናይ ስለሆነው ስለ ጋሪ ኬምፕ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ስፓንዳው ባሌ በተባለው የለንደን ባንድ ጊታሪስትነቱ ነው። በ1983 ወጥቶ በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ ለአራት ሳምንታት አንደኛ ሆኖ የቆየው «ትሩ» የተሰኘው ዘፈን የእሱ ድርሰት ነው። ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ። ይኸው ሰው ከሰባት ዓመት በኋላ የለንደንን እጅግ የተፈራ ወንበዴ ሆኖ በፊልም ብቅ ሲል፣ ሙዚቀኛ በዝናው ተጠቅሞ ወደ ሲኒማ ገባ የሚለው የተለመደ ወሬ መነሣቱ አልቀረም።

እኔ ይህን አስተያየት አልቀበለውም፤ የማልቀበልበት ምክንያትም የሕይወት ታሪኩ ከዚህ የተለየ ነገር ስለሚነግረን ነው። ኬምፕ በባንዱ ውስጥ ዜማውንና ግጥሙን የሚጽፍ ቢሆንም፣ በሕዝብ ፊት የሚያዜመው ግን ድምፃዊው ቶኒ ሃድሊ ነበር። ከአሥር ዓመት ላላነሰ ጊዜ የገዛ ልቡን ቃል በሌላ ሰው አንደበት ሲነገር፣ ጊታሩን ታቅፎ ከጎን ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ተዋናይ ሲሆን ይህ ግንኙነት ተገለበጠ፤ ቃሉ የሌላ ሰው፣ አንደበቱ የራሱ ሆነ። የዚህን ሰው የትወና ጉዞ ለመረዳት ቁልፉ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ጋሪ ኬምፕ በጥቅምት 1959 ለንደን ውስጥ ተወልዶ ያደገው በኢዝሊንግተን ነው። ዛሬ ኢዝሊንግተን የባለጸጎች ሰፈር ሆኗል፤ በዚያን ጊዜ ግን ሠርቶ አደሮች ተጨናንቀው የሚኖሩበት ነበር። አባቱ ፍራንክ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነበር። በ1968 አና ሼር የተባሉ መምህርት በዚያው ሰፈር የልጆች የቴአትር ክበብ ከፈቱ። የአሠራራቸው መሠረት ለልጆች የተጻፈ ቃል አስጠንቶ ማስነብነብ ሳይሆን፣ አንድ ሁኔታ ሰጥቶ ቃሉንም እንቅስቃሴውንም ከራሳቸው እየፈጠሩ እንዲጫወቱ ማድረግ ነበር። ልጆቹም የሰፈር አነጋገራቸውን እንዲቀይሩ አልተገደዱም፤ በእናታቸው ቤት የሚናገሩት እንግሊዝኛ ለመድረክ በቂ ሆኖ ተገኘ። ካቲ በርክንና ፊል ዳንየልስን የመሳሰሉ ስመ ጥር ተዋንያን የወጡት ከዚህ ክበብ ነው። ጋሪና በሁለት ዓመት የሚያንሰው ወንድሙ ማርቲንም የክበቡ ልጆች ነበሩ፤ ጋሪ ገና በ1972 «ሃይድ ኤንድ ሲክ» በተባለ የልጆች ፊልም ላይ ተጫውቷል። ስለዚህ በእሱ ሕይወት ትወና ከባንዱ በፊት የመጣ ነው፤ ሲያድግ የተመለሰው ወደሚያውቀው ቤት ነበር።

ጊታሩን ወላጆቹ በልጅነቱ የገና ስጦታ አድርገው ገዙለት። እሱም የሌሎችን ዘፈን ከመቅዳት ይልቅ የራሱን መጻፍ ጀመረ። በዚህ ዘመን የሆነ አንድ ነገር በተለይ ልቤን ይነካዋል። በትምህርት ቤት ዝግጅት ላይ የራሱን ዘፈን ሲጫወት የሰሙት የስቴፕኒው ጳጳስ ትሬቨር ሃድልስተን፣ ድርሰቶቹን እንዲቀርጽበት የቴፕ መቅረጫ ሰጡት። እኚህ ጳጳስ ቀደም ሲል በደቡብ አፍሪካ ሲያገለግሉ አፓርታይድን አጥብቀው የተቃወሙ ሲሆኑ፣ በዚያም ለአንድ ጥቁር ታዳጊ የመጀመሪያውን ትራምፔት የሰጡ ሰው ናቸው፤ ያ ታዳጊ በኋላ ዓለም ያወቀው ሂዩ ማሴኬላ ሆነ። የሁለት ሙዚቀኞች መንገድ በአንድ የሃይማኖት አባት እጅ ሲቃና ማየት የሚያስደንቅ ነው።

ስፓንዳው ባሌ በ1979 በዚህ ስሙ ሲታወቅ መናኸሪያው በኮቨንት ጋርደን የነበረው ብሊትዝ የተባለው ክበብ ነበር። ማክሰኞ ማታ ወደዚያ ለመግባት ገንዘብ ብቻ አይበቃም፤ በር ላይ የሚቆመው ስቲቭ ስትሬንጅ አለባበሱ ያልማረከውን ይመልስ ነበር። ወጣቶቹ የካህን፣ የመርከበኛ፣ የጥንት ባለሟል የሚመስል ልብስ ለብሰው፣ ፊታቸውን ተቀብተው ይመጡ ነበር፤ ያ ቤት በአንድ በኩል ጭፈራ ቤት፣ በሌላ በኩል ሁሉም ሰው ሚና ይዞ የሚገባበት መድረክ ነበር ማለት ይቻላል። ባንዱ በ1980 ባወጣው የመጀመሪያ ነጠላ ዜማው ከብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ አምስተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ቶኒ ሃድሊ ያዜማል፣ ስቲቭ ኖርማን ጊታር፣ በኋላም ሳክስፎን ይጫወታል፣ ጆን ኪብል ከበሮ ይመታል፣ ማርቲን ባስ ጊታር ይይዛል፤ ጋሪ ደግሞ ጊታሩንና ኪቦርዱን እየተጫወተ ሁሉንም ዘፈን ይጽፋል።

ለሌላ ሰው ድምፅ መጻፍ ራሱን የቻለ ሥነ ጥበብ ነው። ደራሲው የሚዘፍንለትን ሰው ትንፋሽ ማወቅ አለበት፤ የትኛው አናባቢ ላይ እንደሚያምርበት፣ የትኛው ከፍታ ላይ እንደሚሰበር፣ የትኛውን ቃል አምኖ እንደሚናገርና የትኛው ከአፉ እንደማይመጥን። ይህ ተውኔት ጸሐፊ ለአንድ ተዋናይ አስቦ ሲጽፍ ከሚያደርገው የሚለይ አይደለም። በ1986 የጻፈውና በሰሜን አየርላንድ ግጭት መካከል በተለያየ ወገን የቆሙ ሁለት ወጣቶችን ፍቅር የሚተርከው «ስሩ ዘ ባሪኬድስ» የተሰኘው ዘፈን ገጸ ባሕርያት፣ ቦታና ግጭት ያለው ሲሆን፣ በአንድ ጊታር ዝቅ ብሎ ጀምሮ ወደ ሙሉ የሮክ ድምፅ የሚያድግበት መንገድም የአንድ ትዕይንት አወቃቀር አለው። በእኔ ግምት ከሁሉም ድርሰቶቹ የሚበልጠው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ከእኛ ታሪክ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ላንሣ። በእኛ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ የደረሰው ረሃብ በብሪታንያ ቴሌቪዥን ሲታይ፣ አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ሙዚቀኞችን ማሰባሰብ ጀመረ፤ መጀመሪያ ላይ ሐሳቡን ካዋያቸው ሰዎች አንዱ ጋሪ ኬምፕ ነበር። ኅዳር 16 ቀን 1977 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ በአንድ ቀን በተቀረጸው፣ «ገና መሆኑን ያውቃሉ?» የሚል ርእስ ባለው የባንድ ኤይድ ዘፈን ላይ የስፓንዳው ባሌ አባላት ተሳተፉ፤ ሐምሌ 6 ቀን ደግሞ በዌምብሌይ ስታዲየም በተደረገው የላይቭ ኤይድ ዝግጅት ላይ ባንዱ ተጫወተ። ዘፈኑ ገናን ከጥንት ጀምሮ በላሊበላ የሚያከብረውን ሕዝብ በዓሉን የማያውቅ ማስመሰሉ እኛን የሚያሳዝን ጉድለት እንደነበረው ሳልደብቅ፣ የወጣቶቹን ቅንነት ግን አከብራለሁ። ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመው ሌላው ነጥብ ይህ ነው፦ በዚያ ቅጂ ውስጥም ከመሪ ድምፃውያኑ አንዱ ሃድሊ ሲሆን፣ ኬምፕ በኅብር ከሚዘምሩት መካከል ነበር።

በ1990 ባንዱ ሲበተን ኬምፕ ሠላሳ ዓመት ሆኖት ነበር። በዚያው ዓመት ሀንጋሪ ተወላጁ ዳይሬክተር ፒተር ሜዳክ ያዘጋጀው «ዘ ክሬይስ» የተባለው ፊልም ለእይታ በቃ። ታሪኩ በምሥራቅ ለንደን በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የወንጀል ግዛት ስለመሠረቱት መንትያ ወንድማማቾች ስለ ሮኒና ሬጂ ክሬይ ነው። ሮኒን ጋሪ፣ ሬጂን ማርቲን ተጫወቱ። ሮኒ በ1966 ብላይንድ ቤገር በተባለ መጠጥ ቤት ውስጥ ጆርጅ ኮርኔልን በሰው ፊት ተኩሶ የገደለ፣ በአእምሮ ሕመምም የሚሠቃይ ሰው ነበር፤ መንትዮቹ በ1969 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶባቸው ፊልሙ ሲሠራም በሕይወት ነበሩ። ተዋናይ በሕይወት ያለን፣ ያውም በሰፈሩ ሰዎች ዘንድ ግማሹ የሚፈራውን፣ ግማሹ የሚያወድሰውን ሰው ሲጫወት የሚሸከመው ኃላፊነት ከባድ ነው።

ኬምፕ ይህን ሚና የተወጣበትን መንገድ ደጋግሜ ተመልክቼዋለሁ። አብዛኛው ተዋናይ እንዲህ ያለ ጨካኝ ሲሰጠው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ዓይኑን ያጉረጠርጣል። እሱ ግን ሮኒን ቀስ ብሎ የሚንቀሳቀስ፣ ከሰው ንግግር ይልቅ በውስጡ የሚሰማውን የሚያዳምጥ ሰው አድርጎ ሠራው፤ ቁጣው ሲመጣም ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይመጣል። ጊታሪስት በዜማው መካከል ገብቶ መንጫጫት እንደሌለበት፣ ተራው እስኪደርስ እጁን ይዞ መቆየት እንዳለበት ያውቃል፤ ያንን ትዕግሥት ወደ ካሜራ ፊት ይዞት የመጣ ይመስለኛል። በዚህ ላይ በእውነተኛ ወንድማማቾች መካከል ያለው፣ ሳይነጋገሩ የመግባባት ነገር በፊልሙ ውስጥ በግልጽ ይታያል። የእናታቸውን የቫዮሌትን ሚና የተጫወተችው ቢሊ ዋይትሎ ደግሞ የሳሙኤል ቤኬትን ተውኔቶች ለመድረክ በማብቃት ተወዳዳሪ ያልነበራት፣ ዝምታን እንደ ቃል የምትጠቀም ታላቅ ተዋናይት ነበረች። ለጀማሪ የፊልም ተዋናይ ከእሷ ጋር ፊት ለፊት መሥራት ከትምህርት ቤት አያንስም።

ከዚያ በኋላ የመጡትን የፊልም ሥራዎች በአጭሩ አልፋቸዋለሁ። በ1992 ኬቪን ኮስትነርና ዊትኒ ሂውስተን በተወኑበት፣ በዓለም ዙሪያ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ባስገባው «ዘ ቦዲጋርድ» ውስጥ የዝነኛዋን ድምፃዊት ስም ለሕዝብ የማስተዋወቅ ሥራ የሚሠራውን ሳይ ስፔክተርን ተጫወተ። ለአሥር ዓመት እንዲህ ባሉ ሰዎች ሲታጀብ የኖረ ሙዚቀኛ እንደመሆኑ፣ የጥድፊያ አነጋገራቸውንና ስለ ደኅንነት ሳይሆን ስለ ዜና የሚጨነቀውን ልባቸውን ጠንቅቆ ያውቀው ነበር። ቀጥሎ በሮጀር ኤቨሪ «ኪሊንግ ዞዪ» ከባንክ ዘራፊዎች አንዱ ሆነ፤ በ1994 ደግሞ በሀንጋሪያዊቷ ኢልዲኮ ኤንየዲ «ማጂክ ሃንተር» የመሪነቱን ሚና ያዘ። ከሆሊውድ ትልቅ ፊልም ወደ መካከለኛው አውሮፓ የጥበብ ፊልም መሄዱ ዝናን ብቻ የሚፈልግ ሰው ምርጫ አይደለም። ያም ሆኖ በመላው ዓለም የሚታወቅ የፊልም ኮከብ አልሆነም፤ በቴሌቪዥን ሰፊ ተወዳጅነት ያገኘው «ኢስትኤንደርስ» በተባለው ተከታታይ ድራማ ስቲቭ ኦወንን የተጫወተው ወንድሙ ማርቲን ነበር።

በ1999 የደረሰው የፍርድ ቤት ክርክር ለዛሬው ርእሳችን ከፊልሞቹ ያላነሰ ክብደት አለው። ሃድሊ፣ ኖርማንና ኪብል ከዘፈኖቹ የደራሲነት ገቢ ድርሻ ይገባናል ብለው በለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኬምፕን ከሰሱት። ክርክራቸው ሁለት መልክ ነበረው፤ አንደኛው ገቢው እንዲካፈል በቃል ተስማምተን ነበር የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ በልምምድና በቀረጻ ባዋጣነው ፈጠራ የድርሰቱ ተባባሪ ባለቤቶች ነን የሚል ነው። በ«ትሩ» ውስጥ ያለው የኖርማን የሳክስፎን ጨዋታ ሳይቀር በችሎቱ ተመረመረ። ዳኛው ሁለቱንም ጥያቄዎች ውድቅ አደረጉ፤ ደራሲው ኬምፕ ብቻ ነው፣ የሌሎቹ ሥራ የተደረሰውን መጫወት ነው ብለው ወሰኑ።

የሕጉን ትክክለኛነት ለሕግ አዋቂዎች እተዋለሁ። ከጥበብ አንፃር ግን የሁለቱም ወገን ስሜት ይገባኛል። ባዶ ወረቀት ፊት ብቻውን የተቀመጠው ሰው ቃሉ የእኔ ነው ማለቱ እውነት ነው፤ ሆኖም ዜማው በሃድሊ ጉሮሮ ባያልፍ ኖሮ እኛ ጋ በዚህ መልኩ እንደማይደርስ የማያውቅ የለም። ፍርዱ ኬምፕን በደራሲው ወንበር ላይ አጽንቶ አስቀመጠው። በቴአትር ቤት ግን የሚጠብቀው ሥራ የተጫዋቹ ሥራ ነው፤ ሌላ ሰው የጻፈውን ቃል ትንፋሽ ሰጥቶ፣ ሥጋና ደም አልብሶ፣ መጋረጃው ሲዘጋ ከቃሉ አንዲቱንም የእኔ ሳይል መውጣት። ይህን ሥራ በጎልማሳነቱ ወድዶ መምረጡን ከፍ ባለ አክብሮት ነው የማየው።

የመድረክ ሥራዎቹ ቁንጮ፣ በእኔ አመለካከት፣ በኅዳር 2015 በለንደኑ ትራፋልጋር ስቱዲዮስ የተጀመረው የሃሮልድ ፒንተር «ዘ ሆምካሚንግ» ነው። ተውኔቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመድረክ የበቃበት 50ኛ ዓመት ነበር፤ አዘጋጁ ጄሚ ሎይድ ሲሆን ሮን ኩክ፣ ጆን ሲም፣ ጄማ ቻን፣ ኪዝ አለንና ጆን ማክሚላን አብረውት ተውነዋል። ኬምፕ የያዘው የቴዲን ሚና ነው። ቴዲ ከሰሜን ለንደን ሠርቶ አደር ቤተሰብ ወጥቶ በአሜሪካ የፍልስፍና መምህር የሆነ ሰው ሲሆን፣ ሚስቱን ሩትን ይዞ ከዓመታት በኋላ ወደ አባቱ ቤት ይመጣል። ሌሊት ሁሉም ተኝቶ ሳለ ይገባል፤ የድሮ ቁልፉ አሁንም በሩን ይከፍታል። በቤቱ የሚጠብቁት ተሳዳቢው አባቱ፣ በሴቶች ገላ የሚነግደው ወንድሙ ሌኒ፣ ቦክሰኛው ታናሽ ወንድሙና አጎቱ ናቸው። እነዚህ ወንዶች በመጨረሻ ሩትን ከእነሱ ጋር ለማስቀረት የሚያስችል ውል ያቀርቡላታል፤ እሷም ተደራድራ ትቀበላለች፤ ቴዲ ብቻውን ወደ አሜሪካ ይመለሳል።

የቴዲ ሚና ለተዋናይ ወጥመድ ነው። ሌኒ የሚያብረቀርቅ ንግግር አለው፣ አባትየው ይጮኻል፣ ሩት ሁሉንም በዓይኗ ታዛለች፤ ቴዲ ግን ሚስቱ ስትወሰድበት እንኳ አይቶ ዝም ይላል። የሚወስደው ብቸኛ የበቀል እርምጃ ወንድሙ ለራሱ ያዘጋጀውን አይብ ያለበትን ዳቦ ሆን ብሎ መብላት ነው። ቴዲን ደካማ አድርጎ የተጫወተው ተዋናይ ተውኔቱን ያቀለዋል፤ ጨካኝ ብቻ አድርጎ የተጫወተውም ያደርቀዋል። ፒንተር በጽሑፉ ውስጥ ፋታ የሚደረግበትን ቦታና ሙሉ ዝምታ የሚሆንበትን ቦታ ለይቶ ያስቀምጣል፤ ሙዚቃ የጻፈ ሰው በወረቀቱ ላይ የዕረፍት ምልክት እንደሚያኖረው ማለት ነው። ጊታሪስት በዕረፍቱ ጊዜም ምቱን በውስጡ እየቆጠረ ነው፤ ጣቱ ከክሩ ላይ ቢነሣም ከዘፈኑ አልወጣም። የቴዲም ዝምታ እንዲሁ በውስጥ መቆጠር አለበት፤ አለዚያ ተመልካቹ ባዶነት ብቻ ያያል። ለዚህ ሚና በባንድ ውስጥ የኖረ ሰው መመረጡ ትክክለኛ ምርጫ ነበር የምለው ስለዚህ ነው።

ሌላም ጥልቅ ነገር አለ። ፒንተር የሃክኒ ልጅ ነው፤ ሃክኒና ኢዝሊንግተን ጎረቤታሞች ናቸው። ኬምፕ በ2009 ባሳተመው ግለ ታሪኩ የኢዝሊንግተኑን ቤትና በሥራው ምክንያት የገባበትን የሌላ መደብ ዓለም በሰፊው ጽፏል። በትምህርት ወይም በዝና ከሰፈሩ ወጥቶ፣ ተመልሶ ሲመጣ በሩ እየተከፈተለት ቤቱ ግን የማይቀበለው ሰው ለኬምፕ እንግዳ አይደለም። በልጅነቱ አና ሼር ዘንድ የተማረው ደግሞ ይኸው ነበር፤ የሰፈሩን ንግግር ሳያፍሩበት ወደ መድረክ ማምጣት። የፒንተር ቃል የዚያው አካባቢ ንግግር ተጣርቶና ተስሎ የቀረበ ነውና፣ ኬምፕ በመድረክ ላይ የተናገረው የሌላ ሰው ቃል ቢሆንም ቅኝቱ በጆሮው ያደገበት ነው።

ወንድማማቾቹ በ2020 ለቢቢሲ በሠሩት «ዘ ኬምፕስ፦ ኦል ትሩ» በተባለው ቀልድ አዘል ፊልም ራሳቸውን ሆነው፣ ነገር ግን በሪስ ቶማስ በተጻፈ ቃል ተውነዋል። የራስን ስም ይዞ የሌላ ሰውን ድርሰት መጫወት ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው፤ ተዋናዩ የሚደበቅበት ገጸ ባሕርይ የለውም።

አሁን ወደ 2018 ልምጣ፤ ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ዓመት ጎን ለጎን የሄዱበት ጊዜ ነውና። በዚያ ዓመት ፒንክ ፍሎይድ የተባለው የብሪታንያ የሮክ ባንድ ከበሮ መቺ ኒክ ሜሰን የባንዱን የመጀመሪያ ዘመን ሥራዎች የሚጫወት «ሶሰርፉል ኦቭ ሲክሬትስ» የተባለ ቡድን አቋቋመ፤ ኬምፕም በጊታርና በድምፅ ገባበት። በታኅሣሥ ደግሞ በሃሮልድ ፒንተር ቴአትር «ፓርቲ ታይም» እና «ሴሌብሬሽን» የተባሉትን ሁለት አጫጭር የፒንተር ተውኔቶች ባቀረበው የጄሚ ሎይድ ዝግጅት ውስጥ ተወነ። ያ ዝግጅት በጥር 2019 ሲያበቃ፣ በመጋቢት ከሜሰን ቡድን ጋር በአሜሪካ መድረኮች ላይ ነበር። ይህ ቡድን ለእሱ ከተራ የጊታር ሥራ የሚለይበት ምክንያት አለው። ስፓንዳው ባሌ ውስጥ የጻፈውን ሌላው ያዜምለት ነበር፤ እዚህ ግን በ2006 የሞተው የፒንክ ፍሎይድ የመጀመሪያ ዘመን ዘፋኝና ደራሲ ሲድ ባሬት በ1960ዎቹ የጻፋቸውን እንግዳና ሕልም መሰል ስንኞች በማይክሮፎን ፊት ቆሞ የሚያዜመው እሱ ነው። ባሬትን አስመስሎ አይዘፍንም፤ ቃሉን እንደ ተዋናይ ተቀብሎ፣ ስንኙ የሚናገረውን ሰው ማንነት ፈልጎ አግኝቶ፣ በራሱ የኢዝሊንግተን አነጋገር ያዜመዋል፤ ጊታሩንም በዚያው ጊዜ ይጫወታል።